ከብቱ አልቆ ሰው ለምን ተራበ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። አያቴ ከአባታቸው የሰሙትን የክፉ ቀን ታሪክ ሲያወሩን ሁልጊዜ «መጀመሪያ ከብቱ አለቀ፣ ከዚያ ሰው አለቀ» ይላሉ። ይሄ ነገር አይገባኝም። ሕዝቡ የሚበላው እንጀራ ነው፣ ሥጋ ለዓመት በዓል ነው። ታዲያ ከብት ቢሞት እህሉ ምን ሆነ? (አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አያትህ ልክ ናቸው። ቅደም ተከተሉም እንዳሉት ነው። ብዙ ሰው ክፉ ቀንን እንደ ድርቅ ብቻ ነው የሚያስበው። ድርቁም ነበር፣ አንበጣውም ተምቹም ነበር። ሕዝቡን መቋቋሚያ ያሳጣው ግን የበሬው ማለቅ ነው።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች ምጽዋ ለነበረው ጦራቸው ከውጭ ከብት አስመጡ፤ ከህንድ የመጣ ነው ይባላል። ከከብቱ ጋር ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገባ። የአገሩ ከብት ይህን በሽታ አያውቀውም፣ መከላከያም የለውም። ያተኩሰዋል፣ ዓይኑና አፍንጫው ይፈሳል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ይሞታል። ከመቶ ከብት እስከ ዘጠና እንዳለቀ ነው የሚገመተው። በሽታው እዚህም አልቆመም፤ ወደ ደቡብ እየወረደ በአሥር ዓመት ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሥጋውንም ወተቱንም ለጊዜው ተወውና ጤፍን ብቻ አስብ። የጤፍ ፍሬ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ጓል ባለበት መሬት ላይ ቢዘራ አይበቅልም። ስለዚህ ገበሬው ገምሶ፣ ደግሞ፣ ሠልሶ (አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ማለት ነው) ያርሳል፣ አንዳንዱ ቦታ አራትና አምስት ጊዜ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ቀንበር ተሸክሞ ሞፈር በሚጎትት ጥማድ በሬ የሚሠራ ነው። ከዚያ ሲዘራ በብዙ አካባቢ ማሳውን ከብት ይረግጠዋል። እህሉ ታጭዶ አውድማ ሲገባም የሚያበራየው በሬ ነው። እርሻው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በከብት እግር ነው የሚሄደው። በሬው ከሌለ መሬቱ አለ፣ ዘሩም ሊኖር ይችላል፣ ዝናቡም ቢመጣ ግን የሚያርሰው የለም።

«በእጅ አይቆፈርም ወይ?» ትል ይሆናል። ተሞክሯል። ዓፄ ምኒልክ ሕዝቡ በዶማ እንዲቆፍር አዘዙ፣ ራሳቸውም ዶማ ይዘው ቆፈሩ፣ ሕዝቡ ከብት አጥቶ እኔ አልበላም ብለውም የበሬ ሥጋ ተዉ። ይህን ያደረጉት ለታይታ አይመስለኝም። በጊዜው ሌላ መፍትሔ አልነበረም። ግን አስበው፦ ጥማድ በሬ በቀን ሩብ ሄክታር ያህል ያርሳል። ሰው በዶማ ይህን አይደርስበትም። ለዚያውም በልቶ ያደረ ሰው አይደለም ዶማ የሚያነሳው። የተራበ ሰው ምን ያህል ይቆፍራል?

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በሬ የገበሬው የቁጠባ ደብተርም ነበር፣ ዛሬም በብዙ ገጠር እንደዚያው ነው። በሌላው መጥፎ ዓመት አዝመራ ሲበላሽ ገበሬ አንድ ወይፈን ወይ አንዲት ጊደር ገበያ አውጥቶ ሸጦ እህል ገዝቶ ይከርማል። አንድ በሬ የቀረው ደግሞ አንድ ከቀረው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። በዚያ ጊዜ ግን የሚሸጥም የሚቀናጅም ጠፋ። የእህል ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ እህል የተረፈበት አገር ቢኖር እንኳ ገበሬው ይዞ የሚሄደው ነገር አልነበረውም። ረሃብን ከእህል ማነስ ጋር ብቻ የሚያያይዝ ሰው ይህን ያስተውል። እህል ሲያንስ ሰው የሚራበው መግዣ ሲያጣ ጭምር ነው።

ጊዜውንም አስላው። ድርቅ አንድ ጥሩ ክረምት ሲመጣ ይለቃል። በሬ ግን እንደዚያ አይደለም። ተርፋ የቆየች ላም ካለች ዘጠኝ ወር ታረግዛለች፣ የወለደችው ወንድ ከሆነ ቀንበር እስኪለምድ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ክፉ ቀን በአንድ ዓመት ያላበቃው፤ እስከ 1884 እና 1885 ዓ.ም. የተጎተተው። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ከሕዝቡ ሲሶው ያህል አልቋል ብለው ይገምታሉ።

መንግሥቱም አብሮ ተናወጠ። ወታደሩ ተሰሪ እየሆነ በገበሬው ቤት ነበር የሚበላው፤ ገበሬው ባዶ ሲቀር ይህ ሥርዓት መቀጠል አልቻለም። ዓፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ገደማ አስራት ያስገበሩት ወታደሩ ከመንግሥት ጎተራ እንዲቀለብና ከገበሬው ጫንቃ እንዲወርድ ነው። በሌላ በኩል፣ ይህንንም አለመደበቅ ነው፣ ወደ ደቡብ የተደረጉት ዘመቻዎች ከብትና እህል ፍለጋም ነበሩ፤ በ1887 ዓ.ም. ወላይታ ላይ የተዘረፈው ከብት ብዙ ነው። የሰሜኑ በሬ ማለቅ ለደቡቡ ሕዝብ ሌላ መከራ ይዞ መጣ።

«ዛሬስ ትራክተር አለ አይደል?» ለሚል አጭር መልስ፦ ሜዳ በሆነው በአርሲና በባሌ አለ፣ እየጨመረም ነው። ደጋው ግን ተዳፋትና ድንጋያማ ነው፣ የአብዛኛው ገበሬ ማሳም ከአንድ ሄክታር አይበልጥም፣ ያውም ተበጣጥሶ። እዚያ ላይ በሬው አሁንም ዋና ነው።

በሽታው ራሱ ግን ጠፍቷል፤ ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው። አገራችን ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 አፋር ላይ ነው። የዚያን ጊዜውን አፋር አስበው፣ ያ ሙቀት፣ መንገድ የለ፣ መብራት የለ፣ ክትባት በበረዶ ይዞ መዞር የማይታሰብ ነው። ለውጡን ያመጣው ሙቀት የሚችል ክትባት መሠራቱና መርፌው ለአርብቶ አደሮቹ ለራሳቸው መሰጠቱ ነው። ከብቱ የት እንዳለ፣ ማን ጋ እንደተደባለቀ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና ሠልጥነው ራሳቸው ከተቡ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው።

ዘመዱ ግን አለ። በግና ፍየል የሚይዘው ደስታ መሰል የሚባለው በሽታ እስካሁን በየቦታው ይገድላል፤ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከዓለም ለማጥፋት ታቅዷል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። ገጠር በግና ፍየል ያላቸው ዘመዶች ካሉህ፣ ደውልና አስከትባችኋል ወይ ብለህ ጠይቃቸው፤ ካላስከተቡ የወረዳው እንስሳት ጤና ጋ ይሂዱ።