ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲቆም የሚበራው የዘይት መብራት

ጥያቄ፦ 3ኤል የናፍታ ሞተር ባለው አሮጌ ዶልፊን ሚኒባስ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል እሠራለሁ። ጠዋት ሞተሩን ሳስነሳ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የዘይት ግፊት መብራት ወዲያው ይጠፋል። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ መናኸሪያ ደርሼ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልረግጥ) ስቆም ግን ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፤ ነዳጅ ስረግጥ ይጠፋል። ዘይቱ አይጎድልም፤ ሰሞኑን እንዲያውም ከዲፕስቲኩ የላይኛው ምልክት ጥቂት ያለፈ ይመስለኛል። አንድ መካኒክ «ብሮንዚኑ አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» አለኝ። ሌላው «አብሽር፣ ወፍራም ዘይት ሙላበት» ብሎኛል። የማንን ልስማ?
ሾፌር፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለጊዜው የሁለቱንም አይስሙ፤ ሁለቱም ፍርድ የሰጡት ምንም ነገር ሳይለኩ ነው። ሞተር ማውረድ ብዙ ገንዘብና ብዙ የሥራ ቀን ይበላል፤ ወፍራም ዘይት ደግሞ ችግሩን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍነውና ሥር እንዲሰድ ያደርገዋል። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ መብራቱ በሚኒሞ ብቻ ሳይሆን እየነዱ ሳለ ከበራ፣ ተሳፋሪ ቢኖርም ባይኖርም፣ ዳር ይዘው ሞተሩን ወዲያውኑ ያጥፉ። ዘይት ያልደረሰው ኮሎ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ከብሮንዚኑ (ዘንጉ ከሚዞርበት ስስ የብረት ንጣፍ) ጋር ለመጣበቅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

የዘይት ፓምፕ ሥራ ዘይት መግፋት ነው፤ ግፊቱ የሚፈጠረው የተገፋው ዘይት በኮሎውና በብሮንዚኑ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ለማለፍ ሲቸገር ነው። ስለዚህ ግፊት የሚወርደው ፓምፑ የሚልከው ዘይት ሲያንስ፣ ዘይቱ ሲቀጥን ወይም ክፍተቱ ሲሰፋ ነው። ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን የሚያመልጠው ዘይት ስምንት እጥፍ ገደማ ስለሚሆን፣ በዓይን የማይለይ መበላት በመብራቱ ላይ ጎልቶ ይታያል። ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ ያለው መንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል፤ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ተጨንቆ ዘይቱን ያግላል፣ የጋለ ዘይት ይቀጥናል፣ በሚኒሞ ሲቆሙ ደግሞ ፓምፑ ቀስ ብሎ ስለሚዞር የሚልከው ያንሳል። መብራቱ ደሴ ላይ የሚበራው በዚህ ምክንያት ነው።

ከጻፉልን ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ግን ሁለቱም መካኒኮች ያለፉት ነገር ነው፤ ዘይቱ መጨመሩ። ያረጀ ሞተር ዘይት ይበላል እንጂ አይወልድም። ደረጃው ከፍ ካለ ከዘይት ሌላ ነገር ገብቶበታል፤ ይህም ወይ ናፍታ ነው ወይ የራዲያተር ውኃ። ውኃ ከሆነ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስላል፣ ራዲያተሩም ይጎድላል። (በደሴ ብርድ ጠዋት አጭር መንገድ ብቻ የሚሠራ መኪና በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ጥቂት ነጭ አረፋ ሊይዝ ይችላል፤ እርሱ ብቻውን አያስደንግጥዎ።) ናፍታ ከሆነ ግን መልኩ ጥቁር እንደሆነ ስለሚቀር ዓይን ይታለላል። ሞተሩ ሞቅ ብሎ ሳለ ዲፕስቲኩን አውጥተው ያሽትቱ፤ በጣትዎም አሻሽተው ቀጭንና ውኃ ውኃ የሚል መሆኑን ይዩ። ከዚያ በነጭ ወረቀት ላይ ከሞተሩ አንድ ጠብታ፣ ከአጠገቡም ከአዲሱ ዘይት አንድ ጠብታ ያሳርፉና ለጥቂት ሰዓታት ይተዉት። ናፍታ የገባበት ጠብታ ከጥቁሩ መሃል ውጭ ሰፊና ፈዛዛ ቀለበት እያሰፋ ይሄዳል፤ አዲሱ ተሰብስቦ ይቀራል።

በእንዲህ ዓይነት ሞተር ናፍታ ወደ ዘይቱ የሚገባው ብዙውን ጊዜ የሚያንጠባጥብ ኖዝል (ናፍታውን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ዕቃ) ሲኖር ነው። ሳይቃጠል የቀረው ናፍታ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ በፋሻዎቹ (በፒስተን ቀለበቶቹ) በኩል ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) ይወርዳል። ጠዋት የሚያንኳኳና ነጭ ወይም ጥቁር ጭስ የሚያበዛ ከሆነ ጥርጣሬዎ ይጠንክር። ኖዝሎቹን ያስወልቁና የናፍታ ፖምፓ ባለሙያ በመሞከሪያው ላይ አንድ በአንድ ይያቸው፤ የሚያንጠባጥበው ከተገኘ በኋላ ዘይቱንና ፊልትሮውን በአንድ ጊዜ ይለውጡ። ኖዝሉ ሳይጠገን እንደ 20ደብሊው-50 ያለ ወፍራም ዘይት ቢሞሉበት እርሱም በጥቂት ቀናት ይቀጥናል። በተጨማሪም ከምልክቱ በላይ የቆመ ዘይት በኮሎው እየተመታ አረፋ ስለሚሆን ግፊቱን ራሱ ያወርደዋል።

አዲሱ ዘይት ከገባ በኋላ ልኬት ይደረግ። መብራቱን የሚያበራው ሴንሰር ከሞተሩ ላይ ተፈቶ በቦታው የሚታሰር ሜካኒካል ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ያስፈልጋል፤ ሞተሩ በሚገባ ሳይሞቅ የተነበበ ቁጥር ዋጋ የለውም። ለዚህ ሞተር የተቀመጠው ልክ በሚኒሞ ቢያንስ 0.3፣ በደቂቃ በ3000 ዙር ደግሞ ከ2.5 እስከ 6 ኪሎ በስኩዌር ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱም ካሟሉ ሞተርዎ ጤነኛ ነው፤ ሴንሰሩን ይቀይሩ። የሴንሰሩ ሽቦ ተልጦ ቦዲ የሚነካ ቢሆን ኖሮ መብራቱ ነዳጅ ሲረግጡ ባልጠፋ ነበርና ሽቦውን ብዙም አልጠረጥርም። በ3000 ዙር ጥሩ፣ በሚኒሞ ዝቅተኛ ከሆነ የክፍተት መስፋት ነው፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው መካኒክ እውነት ሊኖረው ይችላል። ሁለቱም ቁጥሮች ዝቅ ካሉ ደግሞ ፓምፑና የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቩ ይታዩ፤ ቫልቩ በቆሻሻ ተይዞ ክፍት ከቀረ ዘይቱ ሥራ ሳይሠራ ወደ ኮፓው ይመለሳል።

ዙሩ ሲጨምር ግፊቱ ጥሩ ጀምሮ ከወረደ፣ ኮፓው ውስጥ ያለው የመምጠጫ ወንፊት መታፈኑን ያስቡ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ስላየሁት ነው። አንድ ጊዜ ብሮንዚን ሊቀየርለት ተወስኖ የነበረ ሞተር ኮፓው ሲወርድ፣ ወንፊቱ ላይ እንደ ክር የተጠቀለለ ቀይ ሲሊኮን ተለጥፎ አገኘን። ቀደም ሲል ኮፓውን የገጠመው ሰው ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ላይ ሲሊኮን አብዝቶ ኖሮ፣ ወደ ውስጥ የተረፈው እየተቆረጠ ወርዶ ነው። ወንፊቱ ታጥቦ ተመለሰ፣ ብሮንዚኑም ሳይነካ ግፊቱ ወደ ልኩ መጣ።

በመጨረሻ ብሮንዚን መቀየር ግድ ከሆነ፣ ኮፓው በወረደበት ክፍተቱ በፕላስቲጌጅ (በመካከል ተጨፍልቆ ክፍተት በሚለካ የፕላስቲክ ክር)፣ ኮሎው ደግሞ በማይክሮሜትር ይለካልዎት። ክፍተቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ካለፈ መቀየር አለበት። ኮሎው ከተጫረ ወይም ክብነቱ ከጠፋ በማሽን ተሞርዶ ለልኩ የተሠራ ብሮንዚን ይግባለት፤ በተበላ ኮሎ ላይ የገባ አዲስ ብሮንዚን ሐረጎን ጥቂት ጊዜ ከወጣ በኋላ ያንኑ መብራት መልሶ ያበራል።