መልስ፦ የቦርከና ወንዝ መስመር ካርታው ላይ ለምን ሸሸ?

"የኮምቦልቻን የጎርፍ ስጋት ካርታ ሳድስ የድሮው የቦርከና መስመር ከሳተላይት ምስሉ 200 ሜትር ያህል ሸሸብኝ" ላልከው፦ ወንዙ አልሸሸም። የድሮ ካርታዎቻችን የተሠሩት በአዲንዳን ነው፤ ቦታ የሚለካበት የድሮ መነሻ (ዳተም) ማለት ነው። የሳተላይት ምስሉ ደግሞ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት መነሻ፣ በደብልዩጂኤስ 84 ነው። የሁለቱ ልዩነት እኛ አገር ከ200 ሜትር ይበልጣል።

1. ኪውጂአይኤስ (የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌሩ) ላይ መጀመሪያ የድሮውን ሌየር ኮዱ 20137 ነው ብለህ አስታውቀው (አዲንዳን፣ ዞን 37)።
2. ከዚያ ወደ 32637 (ደብልዩጂኤስ 84፣ ዞን 37) ቀይረህ ሴቭ አድርገው።

በማውዝ እየጎተትክ እንዳታስጠጋው፤ ሌላ ጣጣ ታመጣለህ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ እኔን ስላቃጠለኝ ነው። አንዱ ፒክሰል (የምስሉ ነጥብ) 30 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ የከፍታ ዳታ እንደ ኮምቦልቻው ለዮሌ ያለ ጠባብ ወንዝ አያይም። ወንዙም፣ ዳሩም፣ የሰው አጥርም አንድ ፒክሰል ውስጥ ይገባሉ። ኮምፒውተሩ "ደረቅ ነው" ያለኝ ሰፈር ስሄድ አንዲት እናት ግቢያቸው አስገብተው ግድግዳው ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር አሳዩኝ። ወገቤ ድረስ ነበር! ደሴ ላይ የጣለው እኮ ቁልቁል እዚህ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ነሐሴ ሳያልቅ ሜትርና ጂፒኤስ ይዘህ ውጣና እንዲህ ያለውን የጭቃ መስመር ለካ። ሰው ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ቀለም ሲቀባ የጭቃው መስመር ይጠፋብሃል።