የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ «ዛሬ ስንት በር አንኳኳችሁ?»

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በአንድ የጋራ መኖሪያ መንደር የምኖር የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ። በየቅዳሜው ሁለት ሁለት ሆነን ቤት ለቤት ለምስክርነት እንወጣለን፤ ማታም ስንት በር እንዳንኳኳንና ስንት ሰው «ጌታን እንደ ተቀበለ» በቅጽ ሞልተን ለአስተባባሪው እናስረክባለን። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ እናት ቡና እስከ በረካ አፍልተው አስተናገዱን፤ ትራክቱን (ስለ ወንጌል የሚናገረውን በራሪ ጽሑፍ) ስናወጣ ግን አጣጥፈው ረከቦቱ ሥር አኖሩትና ሌላ ወሬ አነሡ። በዚያው ሕንፃ ተከራይታ የምትኖር አንዲት ወጣት ደግሞ አብራን ጸልያ ስሟ በቅጹ ላይ ከሰፈረ 2 ወር ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ የጠየቃት የለም። ወደ እናትየው ዳግመኛ ልሂድ ወይስ ልተዋቸው? ወጣቷንስ ከምን ልጀምርላት?

መልስ፦ ደብዳቤዎ በመጨረሻ ቢያነሣትም ይበልጥ የሚያሳስበው የወጣቷ ጉዳይ ስለሆነ ከእርሷ እጀምራለሁ። 2 ወር ሙሉ ጠያቂ ማጣቷ የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የአሠራሩ ጉድለት ነው፤ ቅጹ በር ይቈጥራል እንጂ ማን እንደሚከታተላት አይጠይቅም። ስለዚህ ትምህርት ከመጀመርዎ በፊት ዘግይተው በመምጣትዎ ይቅርታ ይጠይቋት። ከዚያም ከሥራ የምትመለስበትን ሰዓት አይተው በሳምንት አንድ ቀን፣ ከአንድ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ፣ የማርቆስን ወንጌል አብራችሁ አንብቡ፤ 16 ምዕራፍ ስለሆነ በሳምንት አንድ ምዕራፍ ብታነብቡ በ4 ወር ገደማ ይፈጸማል። አንባቢዋ ግን እርሷ ትሁን። ፊልጶስ በጋዛ መንገድ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ባገኘው ጊዜ ያዘጋጀውን ስብከት አልዘረጋም፤ ሰውየው ይዞት ከነበረው ከኢሳይያስ መጽሐፍ ተነሥቶ ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው፣ ሠረገላው ላይ የወጣውም ሲለመን ነው (ሐዋ. 8፥26–40)። ባዶ ቦታ እየተሞላ የሚሄደው የደቀ መዝሙርነት መማሪያ በኋላ ይደርሳል፤ ለጊዜው ያልገባትን «አልገባኝም» ለማለት የማታፍረው ሰው ያስፈልጋታል። ስለ ቤተሰቧ የምትነግርዎትንም «የጸሎት ርእስ ነው» ብለው እንኳ ወደ ቡድኑ አይውሰዱት።

ወደ እናትየው ስንመጣ፣ ትራክቱን አጣጥፈው ማኖራቸው መልስ ነው፤ ቡናውን እስከ በረካ ማፍላታቸውም ሌላ መልስ ነው፤ ሁለቱንም ያክብሩላቸው። እኚህ ሰው እምነት የሌላቸው አይደሉም፤ የሚጾሙ፣ ምናልባትም ቤታቸውን ጠበል የሚረጩላቸው የንስሐ አባት ያላቸው ናቸው። እኔ ራሴ በአገልግሎቴ ጅማሬ ዓርብ ቀን ቅቤ የገባበት ኬክ ይዤ ወደ አንዲት ጎረቤቴ ቤት ገብቼ አውቃለሁ፤ ሴትዮዋ አመስግነው ተቀበሉኝና ሳይቈርሱት ቡፌው ላይ አስቀመጡት፤ የጾም ቀን መሆኑ ትዝ ያለኝ ስለ ጸጋ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናግሬ ደረጃውን ስወርድ ነበር። እንግዲህ ይሂዱ እንጂ ሲታመሙ እንደሚጠይቅ፣ ሲያዝኑም እንደሚያስተዛዝን ጎረቤት ሆነው ይሂዱ። የለቅሶ ድንኳን ግን የስብከት ቦታ አይሁንብዎ፤ ኀዘንተኛ ተነሥቶ መውጣት አይችልምና። ስለሚያምኑት ነገር ሲጠይቁዎት ሳይሸፋፍኑ ይንገሯቸው። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ሲልክ የቀረበላቸውን እየበሉ በአንድ ቤት እንዲቀመጡና ከቤት ወደ ቤት እንዳይተላለፉ አዝዟቸዋል (ሉቃ. 10፥1–7)፤ «ሁለት ሁለት» የሚለውን ወስደን ይህን ለምን እንደ ተውነው አይገባኝም።

አስተባባሪው ቍጥር የሚያሳስበው ከሆነ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያንሡለት። በጥር 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘግቶ ንብረቷን ሲወርስና መሪዎቿን ሲያስር አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። አደባባይ ወጥቶ መመስከር የማይታሰብ ስለነበረ ምእመናኑ በየመኖሪያ ቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው ተማሩ፣ አዲስ የመጣውንም በቅርብ እያወቁ አሳደጉ፤ ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ቍጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ስደቱን የሚመኝ ሰው አይኖርም፣ ለዕድገቱም ሌሎች ምክንያቶች ነበሩት፤ ሆኖም አንድ ሰው በአንድ ቤት ተደጋግሞ መታየቱ ጊዜ ማባከን እንዳልሆነ ለማስረዳት ይበቃል።

በቅጹ ላይም «የተመለስንበት ቤት» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር ያመልክቱ። እምቢ ከተባሉ ቅዳሜዎን በእነዚሁ በሁለቱ ቤቶች ያሳልፉና በበር ቍጥሩ ቦታ 2 ብለው ይሙሉ።