ለቀለም ሥራ የትኛው መርጫ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ደብረ ብርሃን ቀለም ቀቢ ነኝ፣ ከጓደኞቼ ጋር ኮንትራት እየያዝን ነው፣ እስካሁን በሮለር ነበር አሁን ግን ትልቅ ሥራ መጣና ማሽን ልንገዛ ነው፣ ኮምፕሬሰር ከነመርጫ ጋኑ ይሻላል ወይስ ኤርለስ የሚሉት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንጀራህ ግድግዳና ኮርኒስ ከሆነ ኤርለስ ግዛ፣ ያለ አየር ቀለሙን ራሱን በከፍተኛ ግፊት ገፍቶ የሚረጨውን። ኮምፕሬሰሩ ለበር፣ ለግሪል፣ ለቫርኒሽ አሪፍ ነው፤ ፕላስቲክ ቀለም ግን ካላቀጠንከው በደንብ አይወጣም፣ ካቀጠንከው ደሞ አይሸፍንልህም፣ ስትደጋግም ትውላለህ።

ስትገዛ ቲፑን፣ ቀለሙ የሚወጣበትን አፍንጫ፣ እይ። 517 የሚል ካየህ 5ቱን እጥፍ አርገው፣ 10 ኢንች ገደማ ስፋት ይረጫል ማለት ነው፣ 17ቱ ደሞ የቀዳዳው ስፋት በሺኛ ኢንች። ለግድግዳ እሱ ይሆንሃል፣ ማሽኑ 17 የማይችል ከሆነ ርካሽ ነው ብለህ እንዳትሸወድ። አሸዋ ያለበትን የኳርትዝ ቀለም ግን እንዳትሞክርበት፣ አሸዋው ይደፍነዋል፣ ለሱ የራሱ ጋን አለ።

መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር መያዛችሁ አይቀርም፤ ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ሞተሩ ከተጻፈበት ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል፣ ከፍ ያለውን ያዙ። ንፋሱን መቼም ታውቀዋለህ፣ ከተነሳ ውጪውን በሮለር ጨርሱ፣ አለዚያ የጎረቤት መኪና ቀብታችሁ ነው የምትመለሱት፣ ኅዳርና ታኅሣሥም ውርጩ ሳይለቅ አትጀምሩ።

አንድ ነገር ደሞ ለልጆቹ ንገራቸው፣ ቲፑ ፊት ጣት አይደረግም፣ ግፊቱ ቀለሙን ቆዳ በስቶ ያስገባዋል፣ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክልም ወዲያው ሆስፒታል ነው።