የኢትዮጵያ የኮሮና ምላሽ፦ ግራ የገባችሁን ጠይቁኝ

በ2012 ዓ.ም. ከኮሮና ታማሚ ጋር ንክኪ ያላቸውን ሰዎች ከሚለዩ ቡድኖች በአንዱ የሠራሁ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ነኝ።

ጥያቄ፦ እንደ ብዙ አገር ለምን ሙሉ በሙሉ አልዘጋንም?

የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ታወቀ፣ መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ ታክሲ በግማሽ ጫነ። ከቤት አትውጡ ግን አልተባለም። ጉልት የምትቸረችር እናት ካልሸጠች ልጆቿ እራት አይበሉም። ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ሰው ምርመራ ለምን ይሸሽ ነበር?

ከበሽታው ይልቅ ሰፈሩን ስለፈራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ወደ ሕክምና ማዕከል ይወሰዳል። አምቡላንስ በር ላይ ይቆማል፣ ባለሙያዎች ከራስ እስከ እግራቸው ተሸፍነው ይወርዳሉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያያል። ከዚያ በኋላ ያንን ቤት ቡና ጠጡ ብሎ የሚጠራ የለም፤ አከራዩ ቤት ልቀቁ ያለባቸውም ነበሩ። «ከማን ጋር ነበሩ?» ስንል ሰው ዝም የሚለን ለዚህ ነው፤ ስም መናገር ወዳጅን አሳልፎ መስጠት ሆኖ ይሰማዋል። ቀድመን በስልክ ስናወራ፣ ቤተሰቡ ማን እንደሚመጣና ለምን እንደሚመጣ ሲያውቅ ግን ብዙዎች ይተባበሩን ነበር። በኋላ ሕመሙ ያልጠናበት ሰው ቤቱ እንዲያገግም መፈቀዱ ፍርሃቱን ቀነሰው። ቀደም ብሎ ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር!

ጥያቄ፦ በየቀኑ የሚነገረው ቁጥር እውነት ነበር?

እውነት ነው፣ ግን የሚያሳየው የተመረመሩትን ብቻ ነው። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ ይፋ ሲያደርጉ የተመረመረውም ሰው ብዛት አብሮ ይገለጽ ነበር። ሰው ያንን ዘሎ «ዛሬ ስንት ተያዘ?» ብቻ ይላል። ምርመራ ሲጨምር የሚታወቀው የታማሚ ቁጥር መጨመሩ አይቀርም።

ጥያቄ፦ የአዲስ አበባው ሚሊኒየም አዳራሽስ ለምን የኮሮና ሕክምና ማዕከል ሆነ?

ለኮሮና ታማሚዎች የተመደበው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ብቻውን ስለማይበቃ ነው።

ጥያቄ፦ ክትባቱ ዘገየ?

ክትባትን ለአገሮች ከሚያከፋፍለው ዓለም አቀፍ ጥምረት ከኮቫክስ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኔካ የካቲት 28 ቀን 2013 ገባ፤ መጋቢት 4 በኤካ ኮተቤ መሰጠት ጀመረ፣ ቅድሚያውም ለጤና ባለሙያዎች ነበር። አምራቾቹ አገሮች ቀድመው ለራሳቸው ሲገዙ ወረፋ ጠብቀናል፤ ይህ ዛሬም ያስቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ለሚቀጥለው ወረርሽኝ ምን ይቅደም?

ኦክስጅን። ያኔ ሁሉም ስለ ቬንቲሌተር (ለበሽተኛው የሚተነፍስ ማሽን) ያወራ ነበር፤ ሕመሙ የጠናበት አብዛኛው ሰው ግን አስቀድሞ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው። ሲሊንደር ከሩቅ ከተማ የሚያስመጣ የወረዳ ሆስፒታል ሌሊት የሚመጣ በሽተኛን ማዳን ይከብደዋል። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃንም፣ በወሊድ የተጎዳች እናትም ይህንኑ ኦክስጅን ነው የሚፈልጉት፤ ስለዚህ ወረርሽኝ እስኪመጣ አንጠብቅ።