መሳቢያ ውስጥ የቀረችው ሲም ካርድ

ልጆቼ፣

ከመካከላችሁ የማይጽፍልኝ የለም። ጥያቄውም ያው ነው። «ጋሼ፣ እኔም ላፕቶፔን ይዤ እዚያ ባሕሩ ዳርቻ ቁጭ ብዬ ብሠራስ?» ጥፋቱ የኔ ነው። በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያንን ፎቶ መለጠፍ አልነበረብኝም። ፎቶው ላይ ኮኮናት አለ። ባዶ እግሬ አለ። ከኋላ ባሕሩ አለ። ጉንዳኖቹ ግን የሉም። እዚህ የጎረቤቴን ላፕቶፕ ፈትቼ ከኪቦርዱ ሥር የጉንዳን መንደር አግኝቻለሁ። ከነእንቁላላቸው።

ለየአንዳንዳችሁ ከምመልስ ለሁላችሁም አንዴ ልጻፍ አልኩ።

ሁዋ ሂን የምትባለው ይህች የታይላንድ ከተማ ከባንኮክ ወደ ደቡብ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እኔና ባለቤቴ የመጣነው ለሽርሽር አይደለም። እንደ ብዙ የአገራችን ሰው ባንኮክ የሄድነው ለሕክምና ነው፣ ለእሷ። ሐኪሟ «ለጥቂት ወራት አትራቁ» አለን። የባንኮክ ሙቀትና ግርግር ከበዳት፣ ወደ ባሕሩ ወረድን። ጥቂቱ ወር ዓመት ሆነ። ዓመቱም ተደገመ። እሷ ዳነች፣ እኔ ጡረታ ወጣሁ፣ በዚያው ቀረን።

ሥራዬን ታውቁታላችሁ። 31 ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስጭንና ስነቅል ኖሬአለሁ። ከዊንዶውስ በፊት ከነበረው ከዶስ ጀምሬ ማለት ነው፣ ፍሎፒ ዲስክ በኪሳችን ከምንይዝበት ዘመን። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ነገር የሠራው ጀማሪ አይደለም። ይህን ያዙልኝ።

ዊንዶውስ 10 ድጋፉ፣ ማለትም መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያው፣ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በታይላንዶቹ ደግሞ 2568። እነሱ የቡድሃን ዘመን ስለሚቆጥሩ ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማሉ፤ እኛ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነን። ያን ሰሞን ፎቁ ላይ ያሉት ጡረተኛ ጎረቤቶቼ በሙሉ ላፕቶፓቸውን ታቅፈው በሬ ላይ ተሰለፉ። ጀርመኑ፣ ስዊድኑ፣ ኖርዌጂያኗ። በጡረታ ቪዛ መሥራት ስለማይፈቀድ ገንዘብ አልቀበልም። ማንጎ ግን እቀበላለሁ። የዚያን ወር ማንጎ አንገሸገሸን።

ለሁሉም የምላቸው አንድ ነበር። «መጀመሪያ ባክአፕ፣ የፋይሎችህ ቅጂ። ቀጥሎ የዲስኩን መክፈቻ ቁልፍ፣ ዲስኩ ሲቆለፍ የሚከፍተውን ረጅም ቁጥር፣ ወረቀት ላይ ጻፍ። ከዚያ ነው የምንነካው።» የሁሉንም በሰላም ጨረስኩ። የራሴን ለመጨረሻ አስቀረሁ።

አንድ ምሽት ቁጭ አልኩ። በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ኢሚግሬሽን ቀጠሮ አለኝ። ቪዛዬን የማራዘምበት የመጨረሻው ቀን ነው። ቅጾቹና የኪራይ ውሉ ላፕቶፑ ውስጥ ናቸው፣ ገና አላተምኳቸውም። ብልህ ሰው አትሞ ይተኛ ነበር። እኔ ግን ባዮሱን፣ ማሽኑን ገና ሲበራ የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ አሻሽዬ ዊንዶውስ 11ን ላስገባው ብዬ ተነሳሁ። የዲስኩ መቆለፊያ ባዮስ ከመነካቱ በፊት ለጊዜው መታገድ እንዳለበት አውቃለሁ። ለስንት ልጅ አስተምሬዋለሁ። ረሳሁት።

ማሽኑ ጠፍቶ በራ። ሰማያዊ ስክሪን መጣ። ቁልፉን አስገባ ይለኛል። 48 አኃዝ፣ ስድስት ስድስት እየሆነ በስምንት ረድፍ። ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ? የሰውን እንጂ የራሴን መች ጻፍኩ። ቁልፉ ኢንተርኔት ላይ በአካውንቴ ውስጥ ተቀምጧል። በስልኬ ልገባ ስል «በቁጥርህ ኮድ ልኬልሃለሁ» አለኝ። በየትኛው ቁጥር? በኢትዮጵያው። ሲም ካርዷ የት ናት? አዲስ አበባ፣ ወንድሜ ቤት፣ የቲቪ ማስቀመጫው መሳቢያ ውስጥ፣ ባትሪዋ የሞተ አሮጌ ኖኪያ ሆድ ውስጥ።

እስኪነጋ ሌላ መንገድ ስሞክር አደርኩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጬ ደወልኩ። ታይላንድ ከአዲስ አበባ አራት ሰዓት ትቀድማለች። እዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ወንድሜ ስልኩን አንስቶ የመጀመሪያው ቃሉ «ማን ሞተ?» ነበር።

ማንም እንዳልሞተ ለማሳመን ራሱ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ቻርጀር ፍለጋ ተጀመረ። ያቺን ቀጭኗን የኖኪያ ቻርጀር አሁን ማን ቤት ታገኛላችሁ? ወንድሜ ጋቢውን ለብሶ ወጥቶ የጎረቤቱን ዘበኛ ቀሰቀሰ። ዘበኛው አላት። ስልኩ ነፍስ እስኪዘራ ደቂቃዎች ፈጀ። ኮዱን ደግሜ አስላክሁ፣ መጣ፣ አነበበልኝ፣ ገባሁ። 48ቱን አኃዝ እጄ እየተንቀጠቀጠ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ። አንዱን 3 እንደ 8 ጽፌው ሁለት ጊዜ ተመለሰብኝ። ኢሚግሬሽን የደረስኩት ላብ በላብ ሆኜ ነው። ማራዘሚያው ባያልቅልኝ ኖሮ ለእያንዳንዱ ላሳለፍኩት ቀን በታይላንድ ገንዘብ 500 ባት ነበር የምቀጣው። ገንዘቡ እንኳ ቀላል ነበር። ባለቤቴ መኪና ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ያ ነው ከባዱ።

እስቲ ከዚህ ላይ ጥያቄያችሁን ልመልስ። «ልሂድ ወይስ ልቅር?» አይደለም ጉዳዩ። አዲሱን ከመንካታችሁ በፊት አሮጌው ላይ ምን እንደተንጠለጠለ ቁጠሩ ነው የምላችሁ። እኔ ያቺን ሲም ሳስቀምጣት የማትጠቅም መስላኝ ነው፤ ለሮሚንግ ውድ ናት ብዬ። ለካ ባንኬም ኢሜይሌም ቁልፌም በእሷ ላይ ተንጠልጥለዋል። አሮጌ ነገር እንዲህ ነው። ሳይነሳ ምን እንደተሸከመ አይታይም።

ይህን ትምህርት ከዚህ በፊትም ተምሬው ነበር፣ ለዚያውም በሰው ዕንባ። አዲስ አበባ በምሠራበት አንድ መሥሪያ ቤት ማሽኖቹን በሙሉ ቀየርን። አዲስ ዊንዶውስ፣ አዲስ ኦፊስ፣ ሁሉም ያበራል። ጠዋት ጸሐፊያችን ቢሮዬ መጣች። «ጋሼ፣ ፋይሌ ምን ሆነ?» የአሥር ዓመት ደብዳቤ ስትከፍተው በላቲን ፊደልና በምልክት የተሞላ ዝባዝንኬ ሆኗል። በዚያ ዘመን አማርኛ የምንጽፍባቸው ፎንቶች የየራሳቸው አሠራር ነበራቸው። ከውስጥ የሚቀመጠው የእንግሊዝኛ ምልክት ነው፤ «ሀ» መስሎ እንዲታይ የሚያደርገው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ሲነሳ አማርኛው ይሞታል። ፊደላችን ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዊንዶውስም የራሱን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ቪስታ ከተባለው ስሪት ጀምሮ ነው፤ ቢሮዎቻችን ግን ከዚያም በኋላ ዓመታት በአሮጌው ጽፈዋል። ፎንቱን ፈልገን ጭነን ደብዳቤዎቹ ተመለሱ። እኔ ግን እስከዛሬ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ማሽኑ ላይ በቀን ስምንት ሰዓት የምትቀመጠውን ሴት ሳልጠይቅ ነው የቀየርኩት። ባለሙያ ነኝ ብዬ።

ታዲያ አትንኩ ማለቴ አይደለም። አለመንካትም ያስከፍላል። ማይክሮሶፍት አንድ ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ ማርች 14 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. አወጣ። ብዙ ሰው «ነገ» አለ። ሜይ 12 ቀን ዋናክራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ ገብቶ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ጠየቀ። ሁለት ወር ሙሉ መድኃኒቱ ደጃቸው ላይ ነበር። መቸኮልም እንዲሁ ጣጣ አለው። ጁላይ 19 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት ያሰራጨው አንድ የተበላሸ ፋይል፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ማሽን በአንድ ቀን ጣለ። ባንኮክ ዶን ሙአንግ አየር ማረፊያ ሰልፉ ረዝሞ መንገደኛው ያለ ኮምፒውተር በእጅ ተስተናገደ። እኔ በራሴ ማሽን የወሩን የደኅንነት ማሻሻያ በዚያው ሳምንት እጭናለሁ። ትልቁን አዲስ ስሪት ግን ሌሎች ተሰናክለው እስኪነሱ ጥቂት ወር አስቆየዋለሁ። ያ «ፎርማት ላድርግልህ?» ከማለት በቀር ሌላ የማያውቅ የሱቅ ልጅ ዘንድ ደግሞ ባክአፕ ሳትይዙ አትሂዱ። ክራክ የተደረገውን፣ ሳይከፈልበት መቆለፊያው የተሰበረውን ፕሮግራምም ተዉት፣ በኋላ እንዳታለቅሱ።

ወደ ባሕሩ ልመለስ፣ እሱን ነው የምትጠብቁት።

ታይላንድ ከጁላይ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከሩቅ ለሚሠሩ ሰዎች የሚሆን ቪዛ አላት። አምስት ዓመት ይቆያል፣ በአንድ መግቢያ 180 ቀን ያኖራል። ግን ባንክ ውስጥ 500,000 ባት አሳይ ይላል። የኔ የጡረታው ደግሞ 800,000 ነው። ያንን ያስቀመጠችልን አሜሪካ ያለችው ልጃችን ናት፤ የኔ ጡረታ ለኮኮናቱም አይበቃ። በየ90 ቀኑ «እዚሁ አድራሻ አለሁ» ብላችሁ ማስታወቅ አለባችሁ። ፎቶው ላይ ይሄም የለም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ወረቀቱ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቡና አፍልታችሁ የሚጠጣ ሰው ስታጡ። አንድ ጊዜ ባለቤቴ ሦስት ስኒ ቀድታ ሦስተኛውን ማን እንደሚጠጣው ሳታውቅ ፈዛ ቀረች። የፎቁን እንግዳ ተቀባይ ልጅ ጠራናት። ጠጣች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ስኳር ጨመረች፣ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አትቀርም።

እሷ ናት ያስተማረችኝ። ታይላንዶች በቆየው አነጋገራቸው ጠዋት ሦስት ሲሉ የኛን ሦስት ሰዓት ነው። «ሳም ሞንግ ቻኦ» ይሉታል፣ እጃቸው ላይ ያለው ሰዓት ግን 9 ነው የሚለው። ማታ አንድ፣ ማታ ሁለትም ልክ እንደኛ። ከቀትር በኋላና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው የምንለያየው። አንድ ቀን የእንግዶች መዝገቧ ተበላሸብኝ ብላ ጠራችኝ። ከአፕዴት በኋላ ግማሹ ቀን 2025፣ ግማሹ 2568 ሆኖ የዛሬው እንግዳ ከ543 ዓመት በኋላ ይመጣል ይላል። ሌላው ቴክኒሻን ቫይረስ ነው ብሏታል። እኔ ገና ሳየው ሳቅሁ። ሁለት ዘመን ኪሱ ይዞ ላደገ ሰው ይህ ምኑ ቫይረስ ነው? የክልል ማስተካከያውን ቀየርኩት፣ አለቀ። ሀበሻነቴ ለሙያዬ የጠቀመኝ ያን ቀን ነው።

እዚህ ከተማ ባሕሩ ላይ አንድ ቤተ መንግሥት አለ። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ንጉሥ ፕራጃዲፖክ ያሠሩት ነው። ስሙ ክላይ ካንግዎን ይባላል፣ «ከጭንቀት የራቀ» ማለት ነው። ጁን 24 ቀን 1932 እ.ኤ.አ. ባንኮክ ውስጥ አብዮት ሲፈነዳ ንጉሡ እዚህ ነበሩ፤ ወሬው የደረሳቸው ጎልፍ ሲጫወቱ ነው ይባላል። ፍጹም ሥልጣናቸው ያከተመው በዚያው ቀን ነው። አጥሩ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ስሙ ያስቀኛል።

እና ከመካከላችሁ መምጣት የፈለገ ይምጣ፣ ቡና አለ። ከመነሳቱ በፊት ግን የትኛው ነገር በየትኛው ስልክ ቁጥር እንደሚከፈት ቁጭ ብሎ ይጻፍ። የዲስኩን ቁልፍ በወረቀት ይያዝ፣ ሌላ ቅጂ እናቱ ጋ ይተው። እናት ወረቀት አትጥልም።

የኔ ሲም አሁንም መሳቢያው ውስጥ ናት። እንዳትዘጋ ወንድሜ በየወሩ ካርድ ይሞላባታል፣ ስልኩንም ቻርጅ ያደርገዋል። ዘበኛው ባለፈው ሰሞን ስማርት ስልክ ገዛ። ቀጭኗን ቻርጀር ለወንድሜ አስረክቦታል፤ ከኖኪያው ጋር በላስቲክ ታስራ ተቀምጣለች።