ኮድ ከላፕቶፕ እስከ ደንበኛው ሰርቨር፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ጀማው። ደሴ ላይ አራት ሆነን የፋርማሲና የመጋዘን ፕሮግራም እንሠራለን። ኮድ ከእጃችሁ ወጥቶ ደንበኛው ጋ እስኪደርስ ስላለው መንገድ ጠይቁኝ። ደመወዝና ፍሪላንስ አልመልስም። ከወዲሁ ግን፦ የደንበኛን ዳታቤዝ በእጃችሁ አትንኩ።

ከወልዲያ፦ ጋሼ፣ ሁለት ነን። ኮዱን በፍላሽ እንቀባበላለን። ጊት (የኮድ ለውጥን መዝግቦ የሚይዘው ፕሮግራም) የግድ ነው?

መልስ፦ የግድ ነው። ቀጣይ።

ከወልዲያ፦ ምክንያቱን እንኳ ቢነግሩን?

መልስ፦ ፍላሹ ላይ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ፎልደሮች አሉህ አይደል? በቃ እሱ ነው ምክንያቱ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሽዬ፣ ዳታቤዝ ላይ አዲስ ኮለም (የሰንጠረዥ ዓምድ) ስንጨምር እኛ ጋ ይሠራል፣ ደንበኛው ጋ ይበላሻል። ግራ ገባኝ።

መልስ፦ አብሽሪ። ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። እናንተ ጋ የሚሠራው ኮለሙን ላፕቶፕሽ ላይ በእጅሽ ስለጨመርሽው ነው። ማን፣ መቼ እንደጨመረው የትም አልተጻፈም። እያንዳንዱ የዳታቤዝ ለውጥ ቁጥር ያለው የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ትእዛዝ ቋንቋ) ፋይል ይሁን፦ 041፣ 042። ፋይሉ ከኮዱ ጋር ጊት ውስጥ ይገባል። ዳታቤዙ ውስጥ ደግሞ እስከ ስንት ቁጥር እንደደረሰ የምትመዘግቢበት ትንሽ ቴብል (ሰንጠረዥ) ይኑርሽ። ደንበኛው 038 ላይ ከቆመ፣ ከ039 ጀምሮ በተራ ራን ይደረጋል። አንዴ የወጣ ፋይል አይታረምም። ከተሳሳትሽ አዲስ ቁጥር ጻፊ።

የኮለም ስም መቀየርም በአንድ ምሽት አያልቅም። መጀመሪያ አዲሱን ኮለም ባዶ መሆን እንዲችል አድርገሽ ጨምሪ። ቀጥሎ ሁለቱም ላይ የሚጽፍ ኮድ ልቀቂ። የድሮውን ዳታ ገልብጪ። ከዚያ ኮዱ ከአዲሱ ብቻ ያንብብ። ሁለት ሳምንት በሰላም ካለፈ ኮዱ አሮጌው ላይ መጻፉን ያቁም፣ ከዚያ ጣይው። ይረዝማል፣ አውቃለሁ። ግን መሐል ላይ ቢበላሽ መመለሻ አለሽ።

ዳታቤዝሽ ማይኤስኪውኤል ከሆነ ደግሞ ልብ በይ፦ ቴብል የሚቀይረው ትእዛዝ፣ «ኦልተር ቴብል»፣ ራሱ ኮሚት ያደርጋል፣ ማለትም ለውጡን ያጸናል። ሮልባክ (ለውጡን ወደ ኋላ መመለስ) አያድንሽም። ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ግን ሮልባክ ይቻላል። ስለዚህ አስቀድመሽ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ያዢ፣ ሌላ ማሽን ላይ ሪስቶር አድርገሽም (ቅጂውን መልሰሽ ጭነሽም) እይው። ሪስቶር ያልተደረገ ባክአፕ፣ ባክአፕ አይደለም።

ከፒያሳ፦ ፖስትግሬስ ለሱቅ ይከብዳል።

ከሐይቅ፦ ማን ነገረህ? እኛ 4 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው የምናስኬደው።

ከፒያሳ፦ መብራት ሲሄድ እናያለን።

ከሐይቅ፦ አቦ ተወን! በማይአይሳም (በድሮው የማይኤስኪውኤል ዓይነት) ቴብል «ሪፔር» ስትል የምታድረው አንተ አይደለህ?

ከፒያሳ፦ ዛሬ ማይአይሳም የሚጠቀም አለ እንዴ?

መልስ፦ ቡና ላይ ጨርሱት። ቀጣይ።

ከመርሳ፦ ጋሼ፣ ሲስተም እንዴት ጥሩ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ የቱን ሲስተም? ምኑን? አስተካክለህ ተመለስ።

ከደሴ፦ አዲስ ቨርዥን በየትኛው ቀን እንልቀቅ?

መልስ፦ ደንበኛህ ቀዝቀዝ ባለበት፣ አንተ ነቅተህ ባለህበት። በገበያ ቀን አይሆንም። ባቲ ደንበኛ ካለህ ሰኞን እርሳው። አርብ ማታም ተው፣ ቅዳሜህን ትበላለች። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሰዉ ሒሳብ እየዘጋ ነው፣ እጅህን ሰብስብ።

ከላሊበላ፦ መሞከሪያ ሰርቨር መግዣ የለንም።

መልስ፦ ጥግ ላይ የተጣለ ኮምፒውተር አይጠፋም። የዳታቤዙ ቨርዥን ከደንበኛው ጋር አንድ ይሁን። የደንበኛውን ዳታ ስትገለብጥ ስምና ስልኩን ቀይር። ቀንም ሞክር፦ ጳጉሜ 6 በ2015 ነበረች፣ በ2019 ትመጣለች። ዳታቤዝ ውስጥ ቀኑን በፈረንጅ አስቀምጥ፣ ስክሪን ላይ ወደ እኛ ቀይር።

ከወልዲያ፦ ባክአፕ በየማታው በራሱ ይወሰዳል። አይበቃም?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ልድገመው። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 መጨረሻ ጊትላብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድርጅት አንድ ባለሙያ ተሳስቶ ዋናው ሰርቨር ላይ ያለውን ዳታ አጠፋ። አምስት ዓይነት የባክአፕና የቅጂ መንገድ ነበራቸው፣ አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። ያዳናቸው ዳታው ከመጥፋቱ ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። እነሱ ናቸው እንግዲህ። አንተ ሪስቶር አድርገህ ታውቃለህ?

ከወልዲያ፦ አላውቅም።

መልስ፦ ዛሬ ማታ አድርግ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሽዬ፣ አንዲት ዋጋ ለማስተካከል ብቻ ፒኤችፒማይአድሚን (ዳታቤዙን በእጅ መንኪያው ገጽ) ብገባስ?

መልስ፦ አትግቢ። እኔ ገብቼ አውቃለሁ። «ዌር» (የትኛው ዕቃ እንደሆነ የሚለየው ቃል) የሌለው አፕዴት፣ ማለትም የማስተካከያ ትእዛዝ፣ ጻፍኩና የአንድ መድኃኒት ቤት ዕቃ በሙሉ 35 ብር ሆነ። ከፓራሲታሞል እስከ ኢንሱሊን።

ከኮምቦልቻ፦ ውይ! ኢንሱሊኑን በ35 የገዛ ነበር?

መልስ፦ ሁለት ሰው። ልዩነቱን እኛ ከፈልን።